ጢጥ ያላለችው ሮኬት

ኅዳር 14፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ፈተና እያረምኩ። እስክሪብቶ ፍለጋ እጄን ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። ባትሪው። ዛሬ ከተማሪዎቼ ጋር የተኮስናት ሮኬት ባትሪ፣ ደብተሬ! ጠዋት ባጃጁ ሲያንገጫግጨን ማብሪያው እየበራ አስቸገረኝና እንዳያልቅ ነቅዬ የከተትኩት። መልሼ አላስገባሁትም።

ለዚህ ነዋ ዝም ያለችው። ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ከድር ከሰዓቱን ሙሉ አንቴናቸውን ይዘው የወደቀችበት ስንዴ ማሳ ዳር ሲዞሩ ዋሉ። ከአሮጌ የብረት ሜትርና ከውሃ ቱቦ ራሳቸው የሠሩት፤ ከውጭ የሚመጣውን ማን ችሎት። ሮኬቷ ውስጥ ያለችው፣ እሳቸው የበየዷት ትንሽ ሬዲዮ ጢጥ ጢጥ ትላለች፣ በአንቴናው ድምፁን ተከትሎ ሄዶ ማንሳት ነው። ጢጥ የለም።

ከመተኮሷ በፊት አንዴ እንስማት ብለውኝ ነበር። ነፋሱ ሳይነሳ ብዬ ቸኮልኩ። ቤት ሞክሬያታለሁ አልኩ። ሞክሬያታለሁም፣ ቤት! ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 15፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አልነገርኩም። ሮቤ ገበያ ዳር ያለች የሬዲዮ መጠገኛ ሱቃቸው ሄድኩ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ በእግራቸው እርሻው ድረስ ደርሰው መመለሳቸው ነው፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት በጤዛ ርሷል። ለት/ቤታችን ክበብ ነው እንግዲህ፣ በነፃ። ብየዳዬ ለቆ ነው፣ ልጆቹን አሳፈርኩ አሉ። አፌን ከፈትኩ። አብሽሪ ኢንተላኮ፣ አይዞሽ ልጄ አሉኝ፤ እኔን ሊያጽናኑ! ሻይ አዘዙልኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠጣሁት።

ኅዳር 17

የክበብ ክ/ጊዜ። አንዷ ተማሪ፣ ጋሽ ከድር አርጅተዋል መሰለኝ አለች። ጮኼ ተቆጣኋት። ምን አጠፋች? ራሴን ጠላሁት።

ኅዳር 19፣ ከቀኑ 10

የባሰ መጣ። ሚስታቸውን እትዬ ሐሊማን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጋሽ ከድር ሥራ መቀበል አቁመዋል። ቴፕ ይዞ ከጊኒር ድረስ የመጣ ደንበኛቸውን መልሰውታል። እጄ ከድቶኛል፣ የሰው ዕቃ ከማበላሽ ይቅርብኝ ብለው። መበየጃቸውን ለጎረቤት ሊሰጡ ነው አሉኝ፤ እንባቸው መጣ።

ምን ነበር የፈራሁት? መሰደብን አይደለም። ጋሽ ከድር ቲቸሯ ጠንቃቃ ናት እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። እሱን ማጣት ነው። ለዚህች ብዬ ሽማግሌውን ከእንጀራቸው ላስነሳ! ወይ እኔ።

ኅዳር 20፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ጋሽ ከድር አሁን ደወሉ። ኮምባይነሩ ስንዴውን ማጨድ ጀምሮ፣ ሾፌሩ ሮኬቷን አገኛት። ጎኗ ላይ የሱቃቸው ስም ስላለ አመጣላቸው። ከፈቷት ወይ አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

«አንቺ ሳትመጪ አልነካትም» አሉ። «ጥፋቴን ካንቺ ጋር ልየው።»

መጣሁ ብዬ ዘጋሁ። ወዲያው ምን አሰብኩ መሰለህ ደብተሬ፦ ሮኬቷን ቀድሜ ልቀበላቸው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ባትሪውን ሹልክ አድርጌ ላስገባው፣ ሽቦው ተቆርጦ ነው ልበል። እጄ ቀልጣፋ ነው። ማንም አያውቅም። እሳቸውም በብየዳቸው እንዳፈሩ ይቀራሉ።

ራሴን አውቃለሁ፤ ሱቁ እስክደርስ ይህንኑ አደርጋለሁ። ስለዚህ ሳልነሳ፣ እዚሁ ሆኜ መልሼ እደውላለሁ። ይክፈቷት ጋሽ ከድር፣ እኔን አይጠብቁ፤ ውስጧ ባትሪ የለም፣ ያላስገባሁት እኔ ነኝ። የምለው ይሄንኑ ነው፣ አንድ ቃል ሳልጨምር።

ደወልኩ። ስልኩ እየጠራ ነው።