በሚካኤል ዕለት የለካነው መንገድ

ለወንድም ዓለም አትናቴዎስ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ክንድህ ላይ የተጫረው ቁስል ደረቀልህ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? የአገራችን የቀየት ውርጭስ ገለል አለላችሁ? እኔን ካልህ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና አካሌ ደህና ነው፤ ከሀፍረቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

ሦስት ጊዜ ደወልሁ፣ አላነሳህም። እውነትህን ነው፤ እኔም ብሆን አላነሳም ነበር። ደግሞ እህትህን ታውቃት የለ፣ በስልክ ከጀመርሁ ማመካኘቴ አይቀርም። በወረቀት ይሻላል።

«ና፣ ዊልቸርህን በገዛ እጅህ እየገፋህ ከመናኸሪያው ተነሥተህ ጤና ጣቢያው ትደርሳለህ» ብዬ የፎከርሁልህ መንገድ እንዴት እንደተለካ አልነገርሁህም። በመሥሪያ ቤቴ ለዊልቸር የሚመች መንገድ የምንለካበት የሌዘር መሣሪያችን በሦስት እግሩ ቆሞ እየዞረ ጨረር ይረጫል፤ የደረጃውን ከፍታ፣ የኮብልስቶኑን ተዳፋት፣ የቦዩን ስፋት አንድም ሳይሳሳት ይመዘግባል። ሰው ሲያልፍ ግን ከኋላው ያለው ይጋረድበታል። ስለዚህ ጭር ያለ ቀን ፈልገን ኅዳር ሚካኤልን መረጥን። ዓለም ከተማ ሱቁን ዘግቶ ለንግሥ ወጥቶ ነበር። አለቃዬ ገሠሠ «ሚካኤል መንገዱን ጠረገልን» ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ኮምፒውተሩ ላይ መንገዱ ወለል ብሎ ታየ። በገበያ ቀን እዚያው ላይ የበርበሬ ጆንያ እንደሚደረደር፣ በግ እንደሚታሰር ጠፍቶኝ ነው? በርበሬ የምገዛው ከዚያው አይደል! እግር ያለው ሰው ዘሎ ያልፍና ይረሳዋል።

አንተ አምነኸኝ በገበያ ቀን መጥተህ ጆንያው መሀል ስትቀረቀር ደግሞ ሌላ ኃጢአት ጨመርሁ። የደብሩን ጣራ በጓሳ ሣር ስትከድን የወደቅህ ጊዜ፣ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡህ «ከእንግዲህ ስሞት እንጂ ሰው ትከሻ ላይ አልወጣም» ያልኸውን ቃሬዛውን ተከትዬ እያለቀስሁ ሰምቻለሁ። ያን እያወቅሁ «ኧረ አንሱልኝ!» ብዬ ጮህሁ። አራት ጎረምሶች ከነወንበርህ ብድግ ሲያደርጉህ «አውርዱኝ» አልህ። ሰምቼሃለሁ ወንድም ዓለም። አልሰማሁም ያልሁህ ውሸት ነው። ገሠሠ ፊት መንገዴ እንዳይታማ ቸኩዬ ነው።

ባለፈው ገበያ ዊልቸር ተውሼ ብቻዬን በዚያው ሄድሁ። በርበሬው ዘንድ ስደርስ ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ። አንድ ሰው ምንም ሳይጠይቀኝ ከኋላ ይዞ አወጣኝ። ደግ ሰው ነው፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብሎ መረቀኝም። እኔ ግን አንጀቴ እርር አለ። አንተ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ውጠህ ስትኖር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁህም።

ለገሠሠ ሁሉንም ነገርሁት። ቢቆጣም፣ በገበያ ቀን ከነጆንያው ከነበጉ ልንለካው ተስማማን። ሻጮቹንም እናማክራለን። መሣሪያው የት መቆም እንዳለበት የሚያውቅ አንተ ነህ፤ ና ለማለት ግን አፍ የለኝም። ከመጣህ፣ ካልጠራኸኝ በቀር እጄ ወንበርህን አይነካም።

እማዬን ሳምልኝ። ልጅህን ትሕትናን አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት። የንስሐ አባታችንን አባባ ቄስ መርስዔ ኃዘንን ጉልበታቸውን ስመህ «ሲና ይፍቱኝ ትላለች» በልልኝ። እሳቸው ይፈቱኛል፣ አውቃለሁ። አንተ ካልፈታኸኝ ግን እንደታሰርሁ ነኝ።

እህትህ ሲና
ዓለም ከተማ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.