ስፌት መኪናው የሚቆምበት ስንኝ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬ «በራሱ ጊዜ ያወራል» የተባለ ሬዲዮ መጣልኝ። ፈታሁት። ውስጡ በረሮ፣ ያውም ከነቤተሰቡ። ለባለቤቱ «ሬዲዮህ ደህና ነው፣ ተከራዮችህን ግን አስወጣ» አልኩት። አልሳቀም። አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ሳቁን ረስቶ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቴ እትዬ ወደ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ መጣች። እትዬ ወደዚህ አትመጣም! የሽቦ ቁራጭ ቀሚሷ ላይ እንዳይሰካ ትፈራለች። ወንበሩን በመሀረብ ጠርጋ ተቀመጠች። ድምፅዋ ሰሞኑን ሻክሯል፤ «መዝሙር ትተሽ ጡሩንባ ጀመርሽ እንዴ?» እያልኩ ሳበሽቃት ከርሜያለሁ።

«የድምፅ ጅማቴ ላይ እባጭ አለ አለኝ ሐኪሙ። ክፉ አይደለም፣ ግን መቆረጥ አለበት። ኅዳር 3 ቀጥሮኛል።»

«ከዚያስ?»

«ማውራት አወራለሁ። መዘመሩን ግን... እንጃ አለ።»

ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ። እኔ! በኪሴም በምላሴም የለም።

ሐሳቧን ጨርሳ ነው የመጣችው። አባባ ያስተማረንን ሰባት መዝሙር በአልበም ልትቀዳ። ቃላቸው በድሮ መጽሐፍ አለ፤ የአባባ አዘማመር ግን እሷ ጋ ብቻ ነው ያለው። እሷ ትመራለች፣ ልጇ ትቀበላለች፣ ታናሽ ወንድማችን፣ ስለማያወራ ዝምታው የምንለው፣ በወፍራም ድምፁ ከታች ይደግፋል። እኔ አኮርዲዮን።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «እንዳትቀልድ።»

«ለስንት ቀን?»

«ይኸው ጀመርክ።»

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የእትዬ ሳሎን ስቱዲዮ ሆነ። ፍራሹን መስኮቱ ላይ አቆምኩ፣ በሩን በሁለት ብርድ ልብስ ሸፈንኩ። የግድግዳው ሰዓት ወጥቶ ጓሮ ተቀመጠ። ማቀዝቀዣው ከሶኬት ተነቀለ። እትዬ ወተቱን አቅፋ ወደ ጎረቤት ሄደች፣ እንደ አራስ ልጅ።

የሚቀዳን የእህቴ ልጅ የምታውቀው ሰው ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ኮስታራ። ጆሮ አልኩት፤ የማይሰማው ነገር የለም። ገና እንደገባ እትዬን «እማማ» ብሎ ጠራት። ቤቱ ቀዘቀዘ።

«እትዬ በለኝ፣ ልጄ። እማማ ለመባል ሦስት ዓመት ይቀረኛል።»

ልምምድ ላይ ድንገት እጁን አነሳ። «የሆነ ነገር ያጉረመርማል።» ፈለግን። ማቀዝቀዣው ጠፍቷል፣ መብራቱም ዝም ብሏል። ማይኩን ይዞ ቢዞር ቢዞር... የዝምታው ሆድ! ወንድሜ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ተናገረ ማለት ነው። ሁለት ዳቦ አብልተነው ጀመርን።

ሐኪሙ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ እንድትዘምር ነው የፈቀደላት። በቀን አንድ መዝሙር ቢሆን ነው እንግዲህ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ሦስተኛው አለቀ። አኮርዲዮኔን ጆሮ «ትንሽ ይተነፍሳል» አለው። ያለ አስተማሪ የተማርኩ እኮ ነኝ። እሱም ያለ አስተማሪ ነው የተነፈሰው።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ስድስቱ ተቀድተዋል። ዛሬ የመጨረሻው፣ አባባ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው።

*ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ እጄን ይዞ...*

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እንቆማለን። ሦስት ትንፋሽ ያህል። ከዚያ፣

*...አሻገረኝ ጌታ፣ እግሬ ሳይረጥብ።*

እትዬ መዘምራን ስታስተምር ሠላሳ ዓመት «እዚህ ላይ ምሕረቱን አስቡ» እያለች ታስቆማለች። አዝማቹ አምስት ጊዜ ይመለሳል፤ አምስቱንም ጊዜ ቆምን። አምስቱንም ጊዜ ጫማዬን እያየሁ አሳለፍኩት። ለምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና አንድ የሞተ ሰው ብቻ ነን።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ጉድ ፈላ። ጆሮ አስተካክሎ አመጣ። ልናዳምጥ ተቀመጥን... «እጄን ይዞ አሻገረኝ ጌታ»! እንደ አውቶቡስ ሳይቆም አለፈ።

እትዬ ብድግ አለች። «ዝምታዬን የት አደረስከው?»

ወንድሜ እሱን የጠራችው መስሎት ቀና አለ።

«ስህተት መስሎኝ ቆርጬ አወጣሁት» አለ ጆሮ፣ ጢሙን እያሻሸ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ይህን መዝሙር አያቴም ትዘምረዋለች፣ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም።»

«አያትህ ተሳስታለች!»

ደወለላት። ሴትዮዋ በስልክ ዘመረችልን። ሳትቆም። መጽሐፉ ወጣ፤ ስንኙ ከዳር እዳር አንድ ወጥ ነው። የእህቴ ልጅ ሌሎች ሲዘምሩት የተቀዳ ፈልጋ አሰማችን። ማንም የሚቆም የለም።

እትዬ ተቀመጠች። «እኔ ነኛ የተሳሳትኩት። ሰውን ሁሉ ያሳሳትኩት።»

እኔስ ምን አልኩ? አኮርዲዮኑን ጠረግሁ። የተጠረገውን።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

እንደ መጽሐፉ ልትዘምረው ሞከረች። «እጄን ይዞ» ላይ ስትደርስ መንገድ እንደጠፋው እግር ድምፅዋ ይጠፋል። አንዴ፣ ሁለቴ... ዘጠኝ ጊዜ። ግማሽ ሰዓቷ አለቀ። ሻይ በማር ሰጠናት። አልነካችውም።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

«በቃ፣ ይሄኛው ይቅር» አለች። «ስድስቱ ይበቃሉ። የአባባን መዝሙር አበላሽቼ አልተውለትም።»

ቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ይህን መዝሙር በዚህ ድምፅ የሚሰማው የለም።

ብነግራትስ? አባባን የቀበርን ዕለት ለሰው ሁሉ «ያ ዝምታ ጸሎቱ ነበር» ብላ ተናግራለች። እኔም ከኋላ ቆሜ ራሴን ነቅንቄያለሁ። አሁን በየት አፌ?... አንድ ቃል ብናገር የአባባን ጸሎት እነጥቃታለሁ። ዝም ብል መዝሙሩን። ዛሬ ሦስት ሬዲዮ ፈትቼ አንዱንም አልገጠምኩ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ነገርኳት።

ሳሎን ስትጠርግ ደረስኩ። «እትዬ፣ የምነግርሽ አለ። መጀመሪያ ግን መጥረጊያውን አስቀምጪ።»

«ምን አጠፋህ?»

«የቆየ ነው።»

አባባ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እየረገጠ ነው የሚዘምረው። የእግር ስፌት መኪናው ፊት ለፊት ክፍል፣ እሷ ከመጋረጃው ማዶ ልብስ ትተኩሳለች። እኔ ስድስት ዓመቴ፣ መኖሪያዬ ከመኪናው ሥር። አባባ «እጄን ይዞ» ሲል ሁልጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። ያቺን ጠብቄ መርገጫውን በሁለት እጄ ጥርቅም! መኪናው ቆመ። አባባም ቆመ። ጎንበስ ይልና፣ እናታችን ሰምታ እንዳትገርፈኝ በሹክሹክታ «አይጥ፣ እጅህን አንሳ» ይለኛል። አነሳለሁ። መኪናው ይንቀሳቀሳል፣ «አሻገረኝ ጌታ» ይቀጥላል። በየቀኑ እንዲህ ነበር። ከመጋረጃው ማዶ ለነበረችው የሚደርሳት ዝምታው ብቻ ነው።

ነግሬ ስጨርስ መጥረጊያውን አየሁት። እሷም አየችው።

«ሠላሳ ዓመት... ‹ምሕረቱን አስቡ› እያልኩ...»

«አሰቡ አይደል? ምን ጎደለባቸው?»

ከደረቷ የሆነ ነገር ተነሳ፤ ብርድ እንደመታው ሞተር እምቢ አለ፣ አንኮራኮረ... ሳቅ ነው! እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ልጇ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ጋሼ፣ እናቴን ምን አደረግሃት?»

«አርባ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ተናዘዝኩላት።»

እትዬ ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። «ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

«ጸሎት ነው አልሽ። ጸሎት እንዴት ይነጠቃል?»

አሰበች። «ጸሎትም ነበር እኮ። ሌላ አባት ቢሆን መቀስ ይወረውርብህ ነበር።»

ትንሽ ቆይታም፣ «ሌላ ያበላሸኸው መዝሙር አለ?»

«የማስታውሰው ይህንኑ ነው።»

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

የአባባ መኪና ዝምታው ቤት ነው ያለው፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ። ዛሬ በጠዋት አመጣነው፤ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት እያየ። ዘይት አጠጣሁት። ጆሮ «ይህን ሁሉ ጫጫታ?» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። እትዬ ግን ቆርጣለች። መዝሙሩ በመኪናው ድምፅ ይጀምራል፣ እንደ ድሮው ይቆማል፣ እንደ ድሮው ይነሳል።

«ማን ይረግጣል?»

«ዝምታው።»

«እኔስ?»

በጣቷ ወደ ታች አሳየችኝ። «ወደ ቦታህ።»

ሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ ቦርጬ ከነክብሩ። ጉልበቴ እየጮኸ ገባሁ። ጆሮ «የጋሼ ጉልበት ይሰማል» አለ። እስኪበርድ ጠበቅን!

*ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ እጄን ይዞ...*

ጥርቅም። መኪናው ቆመ። ሁሉም ቆመ። ከሥር የሚታየኝ የእትዬ ጫማ ብቻ ነው። ሳንሳሳት አንዴ ነው የዘመርነው፤ ግማሽ ሰዓቷም ከዚያ በላይ አይፈቅድም። አምስተኛው ላይ እጄ ብረቱን ለቀቅ ማድረግ አቃተው። ዝምታዋ ከሦስት ትንፋሽ ወደ አምስት ሄደች። እትዬ ጠበቀችኝ። ጆሮም አልቆረጣትም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ቀዶ ጥገናው ተደረገ፣ ደህና ናት። ሐኪሙ አሥር ቀን ቃል እንዳይወጣት ብሏል። «እኔንስ ለአሥር ቀን ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት የለም?» አልኩት። እትዬ ከአልጋዋ ትራስ ወረወረችብኝ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

የልጇን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ስተርባት በጠመኔ ትመልሳለች። ጽፋ እስክትጨርስ ግን ሳቁ ይበርዳል። የሚመልስልኝ ሰው ከሌለ መቀለድ ለካ ግድግዳ ላይ ኳስ መምታት ነው። እውነት ለመናገር... ድምፅዋ ናፈቀኝ። ስትቆጣኝ የምታወጣው እንኳ።

ኅዳር 15፣ እሁድ

ጆሮ ያለቀውን አልበም ይዞ መጣ። የግድግዳው ሰዓት ቦታው ተመልሷል፣ ማቀዝቀዣውም ያጉረመርማል፤ ማንም አልነቀለው። ያስተካከልኩት ሬዲዮ ላይ ሰካነውና ተቀመጥን።

አሥሩ ቀን ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። እትዬ ግን እስካሁን አልተነፈሰችም። ሰሌዳዋን ታቅፋለች። የሚወጣውን ድምፅ ፈርታ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም።

ሰባተኛው መጣ። የመኪናው መርገጫ... የእሷ ድምፅ፣ ጥርት ያለ... *ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ እጄን ይዞ...*

ሬዲዮው ዝም አለ። ቤቱም። እኔ ጥፋት እንዳጠፋ ልጅ ጫማዬን አየሁ።

«አይጥ፣ እጅህን አንሳ።»

በሹክሹክታ። ወፍራም፣ ሻካራ። የአባባ ድምፅ! ቀና ስል እትዬ ናት። ከመነጽሯ በላይ እያየችኝ። እሷም የሰማችው ገና አሁን ይመስል እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋለች። ልጇ አፏን ይዛለች። ዝምታው ፈገግ ብሏል።

ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። ጥሩ ቀልድ ነበር። ዋጥኩት።

ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። መኪናው ቀጠለ።