የተሞረደው ቀዳዳ

መሐል ሜዳ፣ የካቲት 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለባለቤቴ ለመርስዔ ኃዘን፣

ሰላምታዬ ከገዳሙ በር ድረስ ይምጣ፤ ከበሩ ወዲያ መግባት አለመግባቱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ሱቁም አለ፣ ብርዱም አለ፣ ከጓሳ የሚወርደው ነፋስ ዘንድሮ ብሶበታል። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ መምሬ መልከ ጼዴቅ አይተውህ መጥተው ነግረውኛል። ከስቷል አሉኝ። ድሮስ ምን ሥጋ ነበረህ።

የነገሩኝ ሌላም አለ። እሑድ ሳምንት፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ቆብ ልትደፋ ነው። በቁምህ ፍትሐት ሊደረግልህ፣ ከዚያ ወዲያ ለዓለም እንደሞተ ሰው ልትቆጠር ነው። ምን አስቸኮለው ብላቸው፣ "የምንይሉ ደም በእጄ ነው ይላል" አሉኝ። ስለ ሚስትህ ሲጠይቁህም "ፈቅዳልኛለች" ብለሃቸዋል። አልዋሸህም። የወንድሜ የምንይሉ አርባ በወጣ ማግስት "ሂድ" ብዬሃለሁ። ያልኩህ ግን ፊትህን ማየት ስላቃተኝ ነው እንጂ ስለ ነፍስህ አስቤ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ተመለስ ልልህ አይደለም። ሳታውቅ እንዳትደፋው ነው።

ያንን ብረት ታስታውሳለህ፤ በመወዳደሪያዋ ኮሮላ ኮፈን ሥር ከቀኙ ሾክ አብዞርበር ራስ እስከ ግራው ተጋድሞ ቦዲው እንዳይላወስ የሚይዘውን። አባዬ አይተውት "ለመኪናም ወጋግራ አለው ለካ" ብለው ስቀው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወጋግራ እያልነው ቀረ። ሁለት ዓይነት ነበር ሱቄ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠው። አንዱ ከዱባይ የመጣ፣ ጫፍና ጫፉ እየተጠመዘዘ የሚረዝም የሚያጥር፤ ሌላው ደብረ ብርሃን የተበየደ አንድ ወጥ ቧንቧ። ምንይሉ የሚያብረቀርቀውን ወደደ። አንተ ወጡን መረጥክ። "ይኼ አይዋሽም" አልከው። "መኪናዋ ደልዳላ ላይ በአራት እግሯ ከቆመች ቡሎኑ በጣት ይገባል። ካልገባ ቦዲው ተጣሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አቋቋሟን አስተካክል እንጂ ብረቱን አትነካካ።" እኔ ክርኔን አስደግፌ እሰማ ነበር። ስለ ብረት ስታወራ ደስ ትለኝ ነበር፤ ነግሬህ ግን አላውቅም።

ደልዳላው ቦታ ቸገረን። በአባዬ ግቢ ዙሪያ ሁሉም ዘቅዛቃ ነው፣ ከአውድማው በቀር። የእሳቸው ክምር ደግሞ ኅዳር ላይ ገና አልተወቃም ነበር። "ምርት ሳይነሣ ጫማ የማይረግጠውን ቦታ ቅባት ላስደፋበት? ገብሱ ይግባና ያን ጊዜ እንዳሻችሁ" አሉ። ገብሱ እስኪገባ ውድድሩ ያልፋል። አንተም አልተከራከርካቸውም። "ይቅር፣ ያለ ብረቱ እነዳለሁ" ብለህ ለምዝገባ ደብረ ብርሃን ወረድክ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ይህ የመጨረሻ ውድድርህ እንደሆነ ቃል ሰጥተኸኛል፤ መኪናዋን ሸጠህ ሚኒባስ ልትይዝ፣ ማታ ማታ እንደ ሰው ቤትህ ልትገባ። እኔ ደግሞ አውቅሃለሁ። ያለ ብረቱ ነድተህ ብትሸነፍ "አንድ ጊዜ ብቻ" ትለኛለህ፤ ከዚያም ሌላ አንድ ጊዜ። ስለዚህ ምንይሉን ጠርቼ ግቢው ውስጥ እንዲያስረው አደረግሁት። በግራ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደረደርን፣ አንዱን ጥግ በክሪክ አነሣን። ግራው ገባ። ቀኙ በግማሽ ጣት ሳተ።

"አልገባም፣ እታለም" አለኝ። "መርስዔ እስኪመጣ ይቆይ።"

ሱቅ ሄጄ ሞረድ አመጣሁለት። "ቀዳዳውን አስፋው" አልኩት።

"እሱ ቢያይስ?"

"ከቡሎኑ ሥር የሚገባው ሮንዴላ ይሸፍነዋል።"

ሞረደው። ኮፈኑን ደግፌለት ቆሜ ነበር። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቦዲው ቀጭ አለ፤ ሁለታችንም ሰምተነው ኮፈኑን ዘጋነው። አንተ ስትመጣ "አባዬ ፈቀዱልን፣ አውድማው ላይ አሰርነው" ያልኩህ እኔ ነኝ። "ሳይወዱ ነው የፈቀዱት፣ እንዳታመሰግናቸው" ብዬ ጨመርኩበት። እንዲህ አሟልቼ መዋሸት እንደምችል አላውቅም ነበር።

ሁለት ሳምንት ጠጠሩ ላይ ተለማመዳችሁ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ሱቅ መጥተህ "ወደ ቀኝ ትስባለች፣ ምን እንደሆነች እንጃ" አልከኝ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር፤ የአንድ ደቂቃ ወሬ ነበረች። "እጅህ ነው፣ ደክመሃል" አልኩህ። መዳፍህን አይተህ ወጣህ።

እሑድ በውድድሩ የሆነውን ለአንተ አልተርክም። ቀኙ መንኰራኩር ተቀምጦበት የነበረው ብረት ተቀደደ፣ መኪናዋ በቀኟ ወደቀች፣ በቀኝ የተቀመጠው መታጠፊያውን ቀድሞ እየነገረ መንገዱን የሚያነብልህ ወንድሜ ነበር። ዳኞቹ ፍጥነት ብለው ጻፉ። አንተም ለቅሶ ቤት ለጠየቀህ ሁሉ "እጄ ነው፣ እጄ ከዳኝ" ስትል፣ ያ ቃል ከማን አፍ እንደወጣ እኔ አውቅ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሰማሁህ።

ከዚያ ወዲህ ምንይሉ አልተለየኝም። ዕቃ ላመጣ ወደ ደብረ ብርሃን ስሳፈር ከኋላዬ ይቀመጣል። አውቶቡሱ ሳይታጠፍ ቀድሞ "ቀኝ፣ ጠባብ" ይላል። "ግራ፣ ረጅም፣ ጠጠር።" አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። አንዴ ዘወር ብዬ አየሁ፤ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተኝታለች። ጠበል ተጠመቂ አሉኝ፣ ተጠመቅሁ፤ በረደኝ እንጂ ድምፁ አልሄደም። ቢሰድበኝ፣ ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር። እኔን ምንም አይለኝም፣ መንገዱን ብቻ ያነባል። ሱቅ ውስጥም ሞረድ የሚፈልግ ገዢ ሲመጣ አልቋል እለዋለሁ። መደርደሪያው ላይ ስድስት አለ።

አባዬም ለካ የራሳቸውን ተሸክመው ኖረዋል። ቅዳሜ ዕለት፣ የዘንድሮው ገብስ ከገባ በኋላ፣ ከጓሮ ሸራ ለብሳ የተቀመጠችውን መኪና ጎረቤት ጠርተው አስጎተቷትና አውድማው ላይ አቆሟት። ከደብረ ብርሃን ወልደ ጻድቅ የሚባል በያጅ አስመጥተዋል። እኔ ሥራ ያጡ መስሎኝ "አሁን ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"ያን ጊዜ ቦታውን ብፈቅድላችሁ ልጄ ይኖር ነበር" አሉኝ። "ደልዳላ ላይ ትቁምና ልያት።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ሲሉ ኖረዋል፤ አንድ ማዕድ እየበላን አላወቅሁም። አንተ እዚያ፣ እሳቸው እዚህ፣ ሁለታችሁም የእኔን ነገር ተካፍላችሁ ይዛችሁታል።

ወልደ ጻድቅ ቡሎኖቹን ፈታ። ዝምተኛ ሰው ነው። ከወጋግራው የቀኝ ጫፍ ሳህን ሥር ያለውን ስንጥቅ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። "ይኼ የአደጋው ቀን የተሰነጠቀ አይደለም" አለ። "ቅባትና አቧራ ጠጥቷል። ቦዲው ተጣሞ በግድ ስለታሰረ ቀስ በቀስ፣ በየጉድጓዱ ሲከፈት የከረመ ነው። ነጂው መሪውን መያዝ አይችልም ነበር፤ ማንም ቢሆን።" ማንም ቢሆን ያለውን ሁለቴ አስደገምኩት፤ ቃል በቃል ላደርስልህ ስለፈለግሁ ነው። ከዚያ ቀዳዳውን አየና "ይኼን ደግሞ ማን ነው የሞረደው?" አለ።

አባዬ "ልጄ እንዲህ አይሠራም፤ ፋብሪካው ይሆናል" አሉ።

ምንይሉ ነው ብል ሙት አይከራከረኝም። እውነትም እጁ የእሱ ነበር። ግን ይቆይ ብሎኝ ነበር፣ መርስዔ። አንተን ሊጠብቅ ፈልጎ ነበር፤ ያንን ከእሱ መውሰድ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሞረዱንም፣ ውሸቱንም፣ ሐሙስ ያልኩህንም። አባዬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ምርቱ ቢነሣም በልማድ ከዳር ያወለቁትን ጫማቸውን አመጡ፣ አውድማው መሐል ቆመው አጠለቁት፣ እየረገጡት አቋርጠው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገሩኝም። ውኃ ሲጠማቸው ራሳቸው ይቀዳሉ።

እንግዲህ ይኸው ነው። እጅህ አይደለም። እጅህ ደህና ነበር፤ እንዲያውም መኪናዋ እንደታመመች የነገረን እሱ ነበር፣ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት። ቆቡን ለእግዚአብሔር ብለህ የምትደፋው ከሆነ ድፋው፤ የሰጠሁህን ፈቃድ አልነሣህም፣ ቢከፋኝም። ለምንይሉ ብለህ ከሆነ ግን የእኔን ኃጢአት የአንተ ነው ብለህ ይዘኸው እዚያ አትግባ። እኔ ሳልሸከመው ሌላ ሰው ንስሐ እንዲገባበት አልፈልግም።

ወረቀቱን መምሬ መልከ ጼዴቅ ያደርሱልሃል፤ እስከ ዓለም ከተማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግራቸው። አንብበህ እስክትጨርስ ከበሩ ውጭ ይቀመጣሉ። ምንም አይጠይቁህም፣ እኔ ነኝ አደራ ያልኳቸው። ቃል ካለህ ስጣቸው፤ ከሌለህም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ አልቀየምህም። ጋቢ ልኬልሃለሁ፤ መናኝ ጋቢ አይለብስም ካሉህ ለአንዱ አረጋዊ ስጠው።

የወንድሜን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። አንተን ኪዳነ ምሕረት በክንፏ ትጋርድህ። ለእኔ ግን ገና አትጸልይልኝ። ሁለት ዓመት አገር ሁሉ ሲያዝንልኝ ከረመ፣ ወንድሟን ያጣች፣ ባሏ የመነነባት እያለ። አባዬ እንኳ ዝም አሉኝ እንጂ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። መጸለዩ ይደርሳል። መጀመሪያ ተቆጣኝ።

ሚስትህ፣
ወሰንየለሽ ተገኘ