አቧራችንን ውዝዋዜ ላደረጉልን ኃላፊ

ለተከበሩ የክፍለ ከተማችን የባህልና የታሪክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየመድረኩ ከጎንዎ የማይለዩት ባለሙያዎችዎም በሙሉ ጤና እንድትገኙ፣ ወንበርዎም እንደ ተደላደለ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔን ባያውቁኝ አይፈረድብዎትም። ከጡብ ፋብሪካው በስተጀርባ ባለው ሠፈር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባቴም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው ፋብሪካ የተቃጠለ ጡብ ከምድጃ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እርስዎ ግን አሁን በሌላ ማዕረግ ያውቋቸዋል፤ የፊታችን ቅዳሜ ከየክፍለ ከተማው እንግዶች በሚጠሩበት ትልቁ የባህል ቀን ላይ «የውዝዋዜው አባት» ተብለው መድረክ እንዲወጡ ጋብዘዋቸዋልና። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ፣ በጋዜጣ የምጽፈው ያ ግብዣ እንዲቀር፣ ካልቀረም እንዲታረም ለመለመን ነው። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በቃል ለመናገር ሞክሬ ነበር። ጸሐፊዎ በትሕትና እንድጠብቅ ነገረችኝ፣ እኔም በትሕትና ጠበቅሁ፤ በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ ከሥሬ ወለሉን ልትወለውል ስትመጣ ሁለታችንም ተያይተን ሳቅንና ወጥቼ ሄድኩ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋና ይቅደም። ይህ ክፍለ ከተማ ትናንት የከተማው ጫፍ፣ አውቶቡሱ ዞሮ የሚመለስበት ቦታ ነበር። መጀመሪያ ማሳ፣ ቀጥሎ ፋብሪካ፣ አሁን ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ፎቆች የሞሉበት ሆኗል። የዚህን ሁሉ ሕዝብ ታሪክና ባህል በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው በሚያምር ወረቀት ስላሳተሙልን፣ የእኛንም ሠፈር አንድ ገጽ ስላልነፈጉት እጅ እነሣለሁ። የገበያው ሠፈር አራት ገጽ አግኝቷል፤ ያ የእነሱ ዕድል ነው፣ እኛ ሰው ያገኘውን የምንመቀኝ አይደለንም።

አንደኛ፤ ስብሰባው። ባለሙያዎ ወደ ሠፈራችን አዳራሽ የመጣች ዕለት፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጠባይዋ ሸጋ የሆነች ልጅ ናት፣ የእኛ ባህላዊ ውዝዋዜ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችን። የየሠፈሩ ሰው በአንድነት ተጠርቶ ስለ ነበር፣ ከእኛ በፊት የገበያው ሰዎች ከበሮ ተሸክመው ቀርበው ነበር፤ የወንዝ ማዶዎቹም የአያቶቻቸውን የሠርግ ልብስ ከሳጥን አውጥተው አሳይተዋል። እኛ ግን ከየአቅጣጫው እንጀራ ፍለጋ የተሰባሰብን ነን። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓይነት ቋንቋ ይነገራል፤ የሁላችን የምንለው አንድ ነገር ቢኖር የፋብሪካው አቧራ ነው። እንግዳ ድንገት ገብቶ ቤት ውስጥ የሚቀርብ ነገር የታጣ ያህል፣ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን መሬት መሬቱን አየን።

በዚህ መካከል ሠፈሩ ሁሉ ፊሽካ እያለ የሚጠራው የቀድሞ የፋብሪካው ጫኝ ከሀፍረት ሊያወጣን ብሎ ብድግ አለ። ከሥራ ስንወጣ እናደርገው የነበረውን ላሳይሽ ብሎ ኮቱን አወለቀና ትከሻና ትከሻውን በኮቱ መታ፣ እግሩን አንሥቶ ወለሉን ረገጠ፣ ዞር ብሎም የጎረቤቱን ጀርባ ይደበድብ ጀመር። ባለሙያዎ ዓይኗ በራ። በቡድን ነው ወይ የሚደረገው ብላ ብትጠይቀው «ታዲያስ፣ ሰው የገዛ ጀርባውን የት ይደርስበታል» አላት፤ በደስታ ጊዜ ነው ወይ ብትለው ደግሞ «ሥራ አልቆ ወደ ቤት ሲገባማ ማን ይከፋዋል» ብሎ መለሰላት። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶዋን ማን ያቁመው። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ነበር፤ እኅቴ፣ ይኼ እኮ አቧራ ማራገፍ ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አለን ከሚሉት ተርታ በመግባታችን ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ፣ የቀረውም ሰው እንደ እኔው ዝም አለ። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም፤ እኛ አፍረን ዝም አልን፣ እርስዎ ሳያፍሩ አሳተሙት።

ሁለተኛ፤ መጽሐፉ። በተሰጠን ገጽ ላይ ሠፈራችን «ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» ውዝዋዜ እንዳለው፣ ትከሻን መምታት የተትረፈረፈ ምርት ምኞትን፣ እግርን አንሥቶ መጣልም ሕዝቡ ከአፈር ጋር ያለውን ጥልቅ ፍቅር እንደሚገልጽ ተጽፏል። ፋብሪካው ሲከፈት አባቴ ጎረምሳ ስለ ነበሩ ጥንት ማለት እሳቸው ናቸው ማለት ነው፤ ለዚህ ክብር ቤተሰባችን ያመሰግናል። ከአፈር ጋር ስላለው ፍቅር የተባለውንም አልክድም። አፈሩ በእርግጥ ይወደን ነበር፤ አንዴ ከያዘን በሳሙናም አይለቀንም ነበር።

ሦስተኛ፤ ልብሱ። እዚህ ላይ ፊቴ ስለሚቃጠል በአጭሩ እናገራለሁ። ከቢሮዎ የልብስ ሥዕል ተላከልኝ፤ ቀሚሱ የጡብ ቀለም ያለው፣ ጠርዙን ዛጎል የተደረደረበት፣ ወገቡ ላይ፣ ሲወዛወዙ ተፈትቶ ትከሻ የሚመታበት ቀይ የሳቲን መቀነት የሚታሰር ነው። ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሠፈር ዛጎሉን ከየት አመጣው ብዬ አልተከራከርኩም። የማን ልብስ ነው ብዬ ብቻ በስልክ ብጠይቅ፣ የሥራ ባልደረባዎ «የእናንተ ነዋ» አለኝ፤ ስልኩን ዘግቼ ዝቅ ብዬ የለበስኩትን አየሁ። ከዚያም ሰፋሁት። ልኩ የገጠመ፣ ክሩ የማይላቀቅ ሥራ ነው፤ በስፌቱ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም። አባቴ ከሥራ ሲመለሱ ትከሻቸውን ይመቱበት የነበረው አሮጌ ጆንያ በእኔ እጅ ሳቲን ሆነ፣ እኔም ጠርዙን በጥንቃቄ ቀምቅሜ አስረከብኩ።

አራተኛ፤ ያቺ የምረቃ ዕለት። መጽሐፉ ሲመረቅ ውዝዋዜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ አባቴንም የሠፈሩ አዛውንት ናቸው ተብሎ ከፊት ረድፍ አስቀመጥናቸው። ከመሀል ከተማ ተቀጥረው የመጡት ወጣቶች ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው እየሳቁ ሳቲናቸውን ትከሻቸው ላይ ሲያወናጭፉ አባቴ ግንባራቸውን ቋጥረው አዩ፣ ደግመው አዩ፣ ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የልጆቹ ልብስ ንጹሕ ነው፤ ምኑን ነው የሚያራግፉት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ክቡርነትዎ፣ ከጎንዎ ተቀምጠው የነበሩት እንግዶች ሲያጨበጭቡ እኔ መልስ እየፈለግሁ ነበር። እውነቱን ብናገር፣ ያን ሁሉ ዛጎል የሰፋችው ልጃቸው መሆኗን አብሬ መናገር ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ አባዬ፣ ውዝዋዜ ነው፣ የእኛ የሠፈሩ ውዝዋዜ ነው አልኳቸው። ወደ መድረኩ ተመልሰው አዩና «ለካ ውዝዋዜ ኖሯል» አሉ፤ በሰው ሠርግ ላይ እንደ ተጠራ እንግዳ በጨዋ ደንብ አጨበጨቡም። ቢስቁብኝ ወይም ቢቆጡኝ በቀለለኝ ነበር። እሳቸው ግን አመኑኝ፤ ከእሳቸው ይልቅ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ስለ ሆንኩ የማውቀው እኔ ነኝ ብለው አመኑኝ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን የሚከተለው ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። እናቴ በነበረችበት ዘመን አባቴ ከሥራ ሲመለሱ በቀጥታ ቤት አይገቡም ነበር። ውጭ፣ ዝናብም ቢሆን ብርድም ቢሆን፣ ደጁ ላይ ቆመው ከጎረቤት የሥራ ጓዶቻቸው ጋር በጆንያ እየተደባደቡ ያራግፋሉ፣ ጫማቸውን ድንጋዩ ላይ ይወቅጣሉ፤ እናቴም ድምፁ እስኪያቆም በሩን ዘግታ ትጠብቃለች። ጨካኝ ሆና አይደለም። ያ አቧራ ለሕፃን ደረት እንደማይሆን የፋብሪካው ሐኪም ሳይነግሩን በፊት ከታመሙ ጎረቤቶቻችን ተምረነው ነበር። እኔ ዛሬ ያለ ሳል መሽቶ የሚነጋልኝ፣ ሁለት ፎቅ ወጥቼ የማልደክመው፣ አባቴ ደክሟቸው ደጅ ላይ ቆመው ስላራገፉት ነው። ያልተራገፈው ግን እሳቸው ደረት ውስጥ ነው ያለው። ደጃፉ ላይ ማንም አልዘፈነም፣ ማንም ጥርሱን አላሳየም፤ ብርዱ ካየለ ይሳደቡ ነበር እንጂ። እርስዎ ለእንግዶችዎ የሚያሳዩት ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ አልብሼ የላክሁት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ራስሽ ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም ይሉኝ ይሆናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግብዣዎ የደረሰ ዕለት ልነግራቸው ጀምሬ ነበር። አባቴ ኮታቸውን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ በብሩሽ እየጠረጉት ነው ያገኘኋቸው። በእኔ ልጅነት እኛን የሠፈሩን ሰዎች የአውቶቡስ ረዳቱ ወንበር እናቆሽሻለን ብሎ ባዶ ወንበር እያለ ቆመን እንድንሄድ ያደርገን ነበር፤ ትምህርት ቤትም በልብሳችን የጡብ አቧራ «ቀዮቹ» ነበር የምንባለው። አባቴ እንግዲህ ያን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠፉት። «ልጄ፣ በዚህ አገር ስማችን በደግ ሲነሣ ሰማሁ፤ ሳልሞት ሰማሁ» አሉኝ። ብሩሹን ተቀብዬ የኮቱን ጀርባ ከመጥረግ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። ውዝዋዜውን ከቅዳሜው መርሐ ግብር ያውጡልኝ፤ ምክንያቱን ለአባቴ ሲነግሩ የመድረክ ጥበት ነው ይበሏቸው፣ እኔ ከዋሸሁት የእርስዎ ውሸት አይከብድም። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ አባቴ የዛጎሉን ልብስ ትተው በኮታቸው ይቁሙ፣ እርስዎም ድምፅ ማጉያውን ይስጧቸው፤ ደጁ ላይ ያደርጉት የነበረውን፣ ለማን ብለው ያደርጉት እንደ ነበረም በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ባልደረባዎ ሰዓት ስለሚጣበብ የውዝዋዜው አባት ንግግር እንደማያደርጉ አስቀድሞ ነግሮኛል። የእርስዎ የመክፈቻ ንግግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ከዚህ በፊት ተቀምጠን ስላዳመጥነው፣ ከዚያ ላይ ጥቂት ቢቆነጠር የሚጎድል እንደማይኖር በአክብሮት እገልጻለሁ።

ለአፈራችን፣ ለትከሻችንና ለጥንታዊነታችን ስላደረጉት ሁሉ በድጋሚ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወደፊትም ሌሎች ሠፈሮች ላብ ሲጠርጉ ወይም እንቅፋት ሲመታቸው ባለሙያዎችዎ በአጠገባቸው ተገኝተው ባህል እንዲያደርጉላቸው እመኛለሁ። ስሜን ያልጻፍኩት እርስዎን ፈርቼ አይደለም። ይህን ጋዜጣ አባቴ ቢያዩት የጻፈችው እኔ መሆኔን እንዳያውቁ ብዬ ነው።

በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ሀፍረት፤
ዛጎሉን የሰፋችው

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አባቴ ከቅዳሜው ዝግጅት ልምምድ ተመለሱ። አሠልጣኝዎ፣ በጣም ትሑት ወጣት ነው አሉ፣ የትከሻ አመታታቸው ከባህሉ የወጣ መሆኑን ነግሯቸው ቁጭ ብለው ከልጆቹ እንዲማሩ መክሯቸዋል። አባቴ አልተቀየሙም፤ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ነው የመጡት። ልብሱን የሰፋሁት እኔ ስለ ሆንኩ ውዝዋዜውንም ሳላውቀው አልቀርም ብለው «እዚያ ሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ፣ እስቲ አንዴ አሳዪኝ» አሉኝ። ተነሥቼ አሳየኋቸው። ለአሠልጣኙ በትሕትና ይንገሩልኝ፤ ትከሻቸው አሁን ተስተካክሏል።