ስልክ ሁለቴ ሳይጮህ የሚያነሱት የእትዬ ጥሩወርቅ ክፍሉ የሕይወት ታሪክ

እሑድ አብረውን ምሳ የበሉ ሰው የሕይወት ታሪክ ማክሰኞ ይነበባል ብሎ ማን ያስባል? እኛ እስካሁን አላመንንም። ይሄን ስንጽፍ ራሱ አንድ ሰው ከጓዳ ወጥቶ ተዉ እንጂ፣ ውሸት ነው የሚለን እየመሰለን ነበር። ማንም አልወጣም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

አያታችን ወ/ሮ ጥሩወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ክፍሉ ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኪዳነ ምሕረት በሻህ ጥቅምት 4 ቀን 1955 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው "ጥሩ ሳትድህ ነው ያወራችው" ይሉ ነበር አሉ። ያውም በአንድ ቋንቋ እንዳይመስላችሁ። ቤት አማርኛ፣ ጎረቤት ሶማሊኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ በቃ ሦስቱንም እየቀላቀሉ ነው ያደጉት።

አንደኛም ሁለተኛም ደረጃ እዚሁ ድሬ ተምረው በ1973 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። የስምንተኛ ክፍል ካርዳቸውን ትናንት ሳጥናቸው ውስጥ አገኘነው። መምህራቸው በቀይ እስክሪብቶ "ጎበዝ ናት፣ ግን ታወራለች" ብለው ጽፈውበታል።

እግዜር ሲያደላቸው ማውራት ሥራ የሆነበት ቦታ ገቡ። በ1974 ዓ.ም. በስልክ መሥሪያ ቤት ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ስልክ ሁለቴ ሳይጮህ ይነሳል። የደወለ ሰው ምን እንደገጠመው አይታወቅም፣ ሦስተኛው ላይ ልቡ ይሸበራል ይሉ ነበር። ቤትም ያው ናቸው። ልብስ እያጠቡ ከሆነ ሳሙና በሳሙና ሆነው ይሮጣሉ። የቤታችን ስልክ እጀታ ሁሌ ሳሙና ሳሙና የሚሸተው ለዚህ ነው።

በ1977 ዓ.ም. በባቡሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ሰይፈ ሚካኤል አድማሱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አያታችን አባባ መጀመሪያ የወደዱት ድምፃቸውን ነው። በየቀኑ እየደወሉ ወደማያውቁት ሰው መስመር ይጠይቁ ነበር። አንድ ቀን ግን እትዬ ጥሩ ከማን ጋር ላገናኝዎት ሲሏቸው "ከራስዎት ጋር" አሉ። አቦ፣ ይሄንን ስንሰማ ስንቴ ነው የጮህነው። ዘርዓብሩክን እና ኢስታርን ወለዱ። አባባ በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ1993 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው በቤት ስልክ ኢንተርኔት ለሚጠቀሙ ሰዎች ጥያቄ የሚመልስ ሰው ሲፈልግ እሳቸውን መደበ። ለማታውቁት ልጆች፣ ያኔ ኢንተርኔት የሚመጣው በቤት ስልኩ ሽቦ ነው። ሞደም የሚባል ዕቃ ደውሎ ይጮሃል፣ ከዛ ይገናኛል። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሌላኛውን እጀታ ካነሳ ግን ወዲያው ይቋረጣል። በቃ፣ እንደዚህ ነበር የሚኖሩት።

በጣም የደነገጥነው ምን ላይ መሰላችሁ? እሳቸው ኢንተርኔት አልነበራቸውም! ቤትም የለም፣ ቢሮም የለም። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረው አንድ ስልክ፣ አንድ ወረቀት መመሪያ እና አንድ ደብተር ብቻ ነው። አይተውት የማያውቁትን ነገር ነው ለድሬ ሰው ሁሉ ሲያስተካክሉ የኖሩት። ደብተሩ አለ፣ እጃችን ላይ ነው። ሰው በብዛት የሚጠይቃቸውን ከነመልሱ ጽፈው ቁጥር ሰጥተውታል፣ አርባ ሦስት ጥያቄ ነው።

አንዱ ደንበኛ የይለፍ ቃሌን ስጽፍ ኮከብ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ኮከቡን ማነው የሚጽፍብኝ ብሎ ጠይቋል። መልሳቸው "ራስዎት ነዎት፣ ከጀርባዎ ለቆመ ሰው ደብቆልዎት ነው" ይላል። ሌላው ኢንተርኔት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ይዘጋል ወይ ብሏል። በድሬ ሙቀት ምሳ ሰዓት ያልተዘጋ ሱቅ የት አለ፣ ታዲያ ሰውየው ምን አጠፋ? እሳቸውም አልሳቁበትም። "አይዘጋም፣ እንዲያውም ሰው ሲተኛ ነው የሚፈጥነው" ብለው ጽፈዋል።

ችግሩን የሚያውቁት ግን በድምፅ ነው። ስልኩ አንድ ስለሆነ ደንበኛው ለመደወል ኢንተርኔቱን መዝጋት አለበት፣ ሞደሙን በስልክ ማሰማት አይችልም። ስለዚህ በአፍህ አሰማኝ ይሉታል! ትናንት ታይዋን ገበያ ልብስ የሚሸጡት ጋሽ ሃሺ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተነስተው፣ ሰባ ዓመታቸው ነው እኮ፣ "ቲርርር... ክሽሽሽ... ጓንግ ጓንግ" ብለው አሳዩን። ክሽታው ካልመጣ ሽቦው ነው፣ ጓንጓታው መጥቶ ከቆመ የይለፍ ቃሉ ነው፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ አሉ። እኛ እያለቀስን ነበር፣ ከዛ ሳቅን፣ ከዛ እንደገና አለቀስን።

አሁን ወደ 1995 ዓ.ም. ደረስን። ትናንት መጀመሪያ ተዘጋጅቶ የነበረው የሕይወት ታሪክ እዚህ ጋ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ "በ1995 ዓ.ም. ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ" ይላል። ከጀርባው ያለውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፣ ወይም የምናውቀው መስሎን ነበር። አንድ ቀን ምሳ ወጥተው ዘጠኝ ሰዓት መመለስ ሲገባቸው አሥራ አንድ ሰዓት ተመለሱ። አለቃቸው የት ነበርሽ ሲሏቸው "ወሬ ይዞኝ" አሉ። በቃ ይኸው ነው። ማስጠንቀቂያው ላይም በወሬ ምክንያት ከሥራ ገበታቸው ጠፉ ተብሎ ተጻፈ። ከሚወዱት ስልክ ተነስተው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አቧራ የለበሰ ፋይል ሲያገላብጡ ኖሩ።

እኛም አልማርናቸውም። ከቤተ ክርስቲያን አምስት ደቂቃ ከዘገዩ ወሬ ያዛቸው እንላለን። ሻይ ከቀዘቀዘ ወሬ ያዛቸው። በልደታቸው ቀን ኬክ ላይ እንኳን አስጽፈንባቸዋል። አብረውን ይስቁ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የቤት ስልኩን እናስቆርጠው ስንል ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው አለ ብለው እምቢ አሉ። የእኛ ሞባይል ድምፅ ሳያሰማ ኢንተርኔት ሲገባ ሲያዩ "ሳይጮህ? እንዴት አምናችሁት?" ይሉን ነበር። ደም ግፊት ነበረባቸው፣ ግን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ነው የሚወስዱት። እሑድ ደህና ነበሩ። ምንም፣ ምንም አልነበረባቸውም።

ሰኞ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቤት ስልኩ ጮኸ። አንድ። ሁለት። ሁላችንም ቁርስ ላይ ነበርን። ሦስት ሲል እርስ በርስ ተያየን። በዛ ቤት ውስጥ ሦስተኛውን ጥሪ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። አራት። አምስተኛው ላይ አባታችን ዘርዓብሩክ ወንበሩን ገልብጦ ወደ ክፍላቸው ሮጠ። ስልኩን ያነሳ ሰው አልነበረም። ራሳቸውን እንደሳቱ ወደ ሆስፒታል ይዘናቸው በረርን፣ ሐኪሞቹም የቻሉትን አደረጉ፣ ግን አራት ሰዓት ተኩል ላይ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሰዓት በኋላ የማናውቃት ሴትዮ አባቷን ደግፋ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመች። ሳሕራ ዓደን ትባላለች፣ ከመልካ ጀብዱ ነው የመጡት። አባቷ አቶ ዓደን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጠዋት የደወለችው እሷ ናት! ዛሬ እመጣለሁ ልትላቸው ነበር። ስልኩ አልነሳ ሲል እትዬ ጥሩ እኮ ሳያነሱ አይቀሩም ብላ ፈርታ በአካል መጣች፣ ድንኳን ጠበቃት። ከዛ የነገረችን ነገር፣ ወላሂ፣ ሁላችንንም አፋችንን አስያዘን።

በ1995 ዓ.ም. አቶ ዓደን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፣ ጅቡቲ መንገድ ላይ ተገልብጠው እዛው ሆስፒታል ገቡ። እናቷና ወንድሟ ዐብዲናሲር ሄዱ። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሳሕራ ከአያቷ ከእማማ ዐስሊ ጋር ቤት ቀረች። እማማ ዐስሊ የልጃቸውን አደጋ እንዳይሰሙ ተደብቋል፤ ያው ክፉ ወሬ ለአዛውንት አይነገርም። ስልኩ ያለው ደግሞ አልጋቸው አጠገብ ነው። ወንድሟ ደውሎ በሶማሊኛ ቢያወራት አያቷ ይሰማሉ። ስለዚህ ያለ ድምፅ፣ በኢሜይል በየቀኑ ሊጽፍላት ተስማሙ። ማክሰኞ "አባን ለቀዶ ጥገና እያስገቡት ነው" ብሎ ጻፈ። ከዛ ኢንተርኔቱ መቋረጥ ጀመረ። ይገናኛል፣ ይቋረጣል። ይገናኛል፣ ይቋረጣል።

ሳሕራ በሦስት ቀን አሥራ አራት ጊዜ ደወለችላቸው። እትዬ ጥሩም የደብተሩን አርባ ሦስት ጥያቄ ሁሉ ጨረሱ። እጀታውን የሚያነሳ ሰው አለ ወይ ሲሏት አያቴ ስልክ አትወድም፣ ነክታው አታውቅም አለች። ሐሙስ በአሥራ አራተኛው ጥሪ ግን አልቻለችም። አማርኛ አያቷ አይሰሙም፣ ፊቷን ግን ያያሉ። ስለዚህ እየሳቀች ነው የነገረቻቸው።

"እትዬ፣ አባቴ ይሙት ይኑር ሦስት ቀን ሆነኝ አላውቅም። አያቴ እያየችኝ ነው፣ ለዛ ነው የምስቀው።"

እትዬ ጥሩ "መጣሁ" ብለው ዘጉ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሚኒባስ ተሳፍረው መልካ ጀብዱ ሄዱ። ለእማማ ዐስሊ ስልኩን ልጠይቅ ነው የመጣሁት አሏቸው፣ በሶማሊኛ። እማማ ዐስሊ ደስታቸው ልክ አልነበረውም፣ ሲጨነቁ ነው የከረሙት። ስልኩ ታሟል አሉ። ከዛኛው ክፍል አንድ ነገር ሲጮህ ይሰማሉ፣ እጀታውን ሲያነሱት እሱም እየጮኸ ነው፣ ቢስሚላህ ሲሉበት ጸጥ ይላል። ከዛ በየአሥር ደቂቃው ተሻለው ወይ ብለው እያነሱ ያዩታል። እንግዲህ ያቺ ልጅ ጓዳ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ላይ የምታለቅሰው፣ አያቷ እዚህ ስልኩን እያስታመሙት ነው!

እትዬ ጥሩ ይተዉት፣ ብቻውን ይሻለዋል ቢሏቸው እማማ ዐስሊ ተቆጡ። "የሚያለቅስን ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው" አሉ። ልጅቷ ጓዳ ምን እንደምትሠራ ደግሞ መንገር አይቻልም። ሞደሙ መጮህ ሲጀምር የእማማ ዐስሊ እጅ ወደ ስልኩ ሄደ። ያኔ እትዬ ጥሩ ሁለቱንም እጃቸውን ያዙና ማውራት ጀመሩ። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ከዚራ፣ ስለ አባባ የውሸት ጥሪዎች፣ የሚያውቁትን ሁሉ። እማማ ዐስሊ እስኪያለቅሱ ሳቁ፣ እጃቸው ግን አልተለቀቀም። ደብዳቤው በዛ ቀርፋፋ መስመር እስኪከፈት፣ መልሱ ሄዶ ሌላ መልስ እስኪመጣ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ።

ከዛ ሳሕራ ከጓዳ ወጣች። መጮህ አትችልም፣ ማልቀስ አትችልም። "ሻይ ላፍላላችሁ?" ብቻ አለች፣ በአማርኛ። ወንድሟ የጻፈው እንዲህ ነበር፤ አባ ዓይኑን ገለጠ፣ ሻይ አምጡልኝ አለ። እትዬ ጥሩ ገባቸው። ሻዩን ጠጥተው ነው የሄዱት። በሩ ላይ ሳሕራ አያቴ በሕይወት እስካለች ለማንም እንዳይነግሩ ስትላቸው ከእኔ አይወጣም አሏት። መልካ ጀብዱ እና ድሬ መሀል ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል፣ ያውቁታል። ስለዚህ አለቃቸው ሲጠይቋቸው እውነቱንም አልሸሸጉም፣ ምስጢሩንም አላወጡም። ወሬ ይዞኝ አሉ።

እማማ ዐስሊ ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሳይሰሙ ዐረፉ። ሳሕራ ሐዘኗን ጨርሳ ቤተሰባችን ፊት ልታመሰግናቸው አስባ ዛሬ ነገ ስትል ሰኞ ደረሰ። በአምስት ጥሪ ዘገየች። እኛ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ዘገየን።

ስለዚህ ወረቀቱ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ያቺን መስመር ሰርዘናታል። በእሷ ፋንታ ይሄ ይነበብልን፤ በ1995 ዓ.ም. ወ/ሮ ጥሩወርቅ የአንዲት ልጅ መስመር እንዳይቋረጥ የአንዲት እናትን ሁለት እጅ ይዘው ሁለት ሰዓት አወሩ፣ በዚህም ምክንያት ከሚወዱት ሥራ ተነሱ። እትዬ ጥሩ፣ ኬኩን ይቅር በሉን።

ወ/ሮ ጥሩወርቅ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ለልጆቻቸው ለዘርዓብሩክ እና ለኢስታር፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ለአቶ ዓደን ቤተሰብም ፈጣሪ መጽናናትን ይስጥልን።

እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንንም ሦስተኛ ጥሪ አላስጠበቁም። አሁን የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ጌታ ሆይ፣ ሁለቴ ሳይጮህ አንሳላቸው።