አልሞት ብለን የተዘጋብን መቃብር

ግንቦት 10 ቀን 1979 (እ.ኤ.አ.)

ለፕለም ሂል ካውንቲ የመሬትና የመቃብር ቦታዎች ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ ሚስተር ሊላንድ ክሮስ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ነብራስካ

ጉዳዩ፦ የፕሩት ቤተሰብ መቃብር «የተተወ» ተብሎ ለእርሻ እንዳይሰጥና ለሁለት ሰዎች የመቀበሪያ ቦታ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች አርቪላ ፕሩት፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ፣ ጤንነቴም እግዚአብሔር ይመስገን እንደ በቅሎ የሆነ፣ ይህን አቤቱታ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እየሳቅሁ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታ ይደረግልኝ።

1. ጽሕፈት ቤቱ በላከልኝ ደብዳቤ መሠረት፣ መቃብራችን አርባ ዓመት ሰው ስላልተቀበረበት እንደተተወ ተቆጥሮ ከአጥሩ ማዶ ለሚያርሰው ለሚስተር ዴልበርት ሃውክ ሊተላለፍ ነው። አለመቀበራችን እውነት ነው። ፕሩቶች ዕድሜ ይሰጠናል፤ ምን እናድርግ? ሕግ ለማክበር ብሎ የሚሞት ዘመድ ፈልጌ አጣሁ።

2. ቦታው እንዲሁ ቦታ አይደለም። አያቶቼ ጆታምና ቲርዛ አዲስ መሬት ፍለጋ በሠረገላ ወደ ሩቁ ኦሪገን በዚህ ሲያልፉ ሕፃን ልጃቸው ሎቪና በትኩሳት ሞተችባቸውና አሁን መቃብራችን ያለበት ጉብታ ላይ ቀበሯት። በማግስቱ አያቴ በሬዎቹን ጠምዶ ቢጠብቅ ቲርዛ ከመቃብሩ አልነሳም አለች። «አንተ ሂድ። እኔ ልጄን ለተኩላ ጥዬ የትም አልሄድም!» አለችው። ጆታም በሬዎቹን ፈታ። ቤታችንም፣ እርሻችንም ከዚያች ትንሽ መቃብር በኋላ የመጡ ናቸው። እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄን ትቼ አለቅሳለሁ።

3. የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ «መቃብሮቹ ሥርዓት የላቸውም» ብለው የጻፉት ስለ ጆታም መሆን አለበት። እኛ ሙታናችንን እግራቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገን እንቀብራለን፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሡ ፊታቸው ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲሆን ነው። ጆታም የሞተው ግን የበረዶ ማዕበል ቀንና ሌሊቱን ባደባለቀበት ጊዜ ነበርና ልጆቹ አቅጣጫው ጠፍቷቸው እግሩን ወደ ምዕራብ አድርገው ቀበሩት። ሰማዩ ሲጠራ ሊያወጡት አካፋ ይዘው ቢሄዱ ቲርዛ ተቆጣች። «ተዉት! በሕይወቱስ መቼ መንገድ ጠይቆ ያውቃል? እኔን አጠገቡ ቅበሩኝ፤ ያን ቀን ጆሮውን ይዤ አዞረዋለሁ» አለች። እንደ ቃሏ ተደረገ። ስለዚህ የተከበረው ጽሕፈት ቤት ይህን የባልና ሚስት ጉዳይ ለራሳቸው ቢተውላቸው እወዳለሁ።

4. ያው ደብዳቤ ለሚስተር ሃውክም ደርሷል። ይህ ጎረቤቴ ወንደላጤ ሆኖ ያረጀ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤቴ ገባና «አርቪላ! አያቶችሽን ለእኔ ሰጡኝ እኮ! ምን ልዝራባቸው?» አለኝ። ተሳስቀን ተሳስቀን ምድጃ ውስጥ የነበረው ኬክ ከሰለ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና «እኔ እንኳ እዚያ መሬት በሌላ መንገድ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «በጋብቻ ነዋ!» አልኩት። ጆሮው እስኪቀላ ሳቀ፤ ከዚያ «እሺ» አለ።

5. ሠርጋችን በሚመጣው ቅዳሜ እዚያው ጉብታ ላይ ነው። ዘመድ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን መቃብሮቹን በአበባ ሊያስጌጥ ድስት ድስቱን ይዞ እየመጣ መሐላቸው ጠረጴዛ ዘርግቶ ይበላል። የተተወ ቦታ ይህን ያህል የድንች ሰላጣ አይበላበትም።

ስለዚህ መቃብሩ ወደ መዝገብ እንዲመለስ፣ ለእኔና ለዴልበርትም ጎን ለጎን ሁለት ቦታ እንዲፈቀድልን በትሕትና እለምናለሁ። ቀኑ ግን ክፍት ይተውልን፤ አልቸኮልንም።

ከአክብሮትና ከሠርግ ጥሪ ጋር፣

(ፊርማ)
አርቪላ ፕሩት

እኔ ዴልበርት ሃውክ ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን እመሰክራለሁ። ትሰጡኛላችሁ የተባለውን መሬት አልፈልግም። ከእሷ አጠገብ ሦስት ክንድ ይበቃኛል።

(ፊርማ)
ዴልበርት ሃውክ