ከፕላስተሩ ሥር

እታለም፣

ካርዱ ላይ ያለውን ሐይቅ እስካሁን አላየሁትም፤ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀርቅሬ ነው የሰነበትኩት። ወንበራቸው እንደኛው ይንቋቋል። እዚህ ግን ጀርም የገባባቸውን አይጦች አንጀት በማይክሮስኮፕ የሚያዩት የትኛው የየትኛው አይጥ እንደሆነ እንዳይታወቅ የስላይዱን ምልክት በፕላስተር ሸፍነው ነው። ዛሬ ዶክተሯ “ይኼ ደህና ነው፣ ይኼኛው ክፉኛ ቆስሏል” እያሉ ከለዩ በኋላ ፕላስተሩን እኔ ላጥኩት። የቆሰሉት በሙሉ ሴላቸው ላይ ያ የምናጠናው ሪሴፕተር፣ ጀርም የሚለየው ተቀባይ፣ የሌላቸው ሆነው ተገኙ። አለቃችን “የአይጦቹን ሳጥን አቀያይረሽ ነው” ብለው ቆሌሽን የገፈፉበት ውጤት፣ ቁርጥ እሱ።

እኛ ሪሴፕተሩ ብግነቱን የሚያቀጣጥል መስሎን ነበር። ለካ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ጀርሙ ሲመጣ መከላከያዎቹን የሚጣራውም፣ ሲያልቅ “በቃ፣ ተመለሱ” የሚለውም እሱ ነው። እሱ ከሌለ የሰውነት መከላከያ ዘግይቶ ይደርስና ጀርሙን ትቶ ቤቱን ያፈርሳል።

እኔ እፎይ ብያለሁ፤ አንቺም እፎይ በይ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ቦታ አለቀብኝ። ካርዱን በመሥሪያ ቤት አድራሻ የላክሁት አውቄ ነው፤ አለቃችን የሰው ካርድ ሳያነቡ አያሳልፉም። ጋሼ፣ እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?